ስለ መኪና ፍሬቻ አምፑል አመራረጥ

በዚህ ዐምድ እስካሁን ስለ ማጀትና ስለ ጓዳ፣ ስለ ልብስ አያያዝና ስለ ልጆች አመጋገብ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከግቢው በር ገባ ብላ ቆማ ስለምታድረው መኪና ጥቂት ለመናገር ተነሥተናል። መኪና በዘመናችን ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፣ ሕመምተኛን ወደ ሐኪም ቤት፣ በዓል በደረሰ ጊዜም ሽማግሎችንና ሕፃናትን አሳፍራ እስከ ቁልቢ ድረስ የምታደርስ የቤተ ሰብ ንብረት ስለ ሆነች፣ እንደ ምድጃውና እንደ ውሃ ጋኑ ሁሉ ጠባይዋ ሊታወቅ ይገባል ብለን እናምናለን። ከአካላቷ መካከል ለዛሬ የመረጥነው እጅግ ትንሹንና እጅግ ርካሹን ነው፤ ይኸውም የፍሬቻ አምፑል ነው። ትንሽነቱና ርካሽነቱ የሚናቅበት ምክንያት ስለ ሆነ፣ ተቃጥሎ በሚተካበት ጊዜ ብዙ ሰው «አምፑል ያው አምፑል ነው» ብሎ ያገኘውን ይከትበታል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ፍሬቻ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በአማርኛ ፍላጻ ማለት ነው። በድሮ ጊዜ ነጂው የሚታጠፍበትን አቅጣጫ ያስታውቅ የነበረው እጁን በመስኮት ዘርግቶ ነበር። ከዚያም ከበሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ እንደ ፍላጻ ብቅ የሚል፣ በውስጡ ትንሽ መብራት ያለበት ክንድ ተሠራ፤ በአገራችን «ቮልስ» ተብላ የምትወደደው ቮልስዋገን በአውሮፓ ገበያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1960 ድረስ በዚህ ክንድ ትጠቀም ነበር። ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ግን በአሜሪካ የቢዩክ ፋብሪካ በ1939 ከመኪናው ኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከፊትም ገጥሞ መሸጥ ጀመረ። ክንዱ ከመንገድ ጠፋ፤ ስሙ ግን በእኛ ዘንድ ፍላጻ እንደ ሆነ ቀረ።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ይህ ነው። የፊት መብራት መንገዱን ለነጂው ያሳያል፤ መጥረጊያውም ዝናቡን ለነጂው ይጠርጋል፤ ፍሬቻ ግን ለነጂው የሚሰጠው አንዳች ብርሃን የለም፤ እርሱ ራሱም ከተቀመጠበት ሆኖ አያየውም። ከኋላ ለሚመጣው ሞተር ብስክሌት፣ ከፊት ለቆመው ባለ ታክሲ፣ ይልቁንም መንገዱን ለማቋረጥ አንድ እግሯን ከጠርዙ አውርዳ ለምታመነታ እናት የሚነገር ቃል ነው። ነጂው በመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ አረንጓዴዋን ፍላጻ ሲያይና ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ቃሉ ለሰዎቹ የደረሰ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አረንጓዴዋ ፍላጻ የምትመሰክረው ማብሪያው መከፈቱን እንጂ፣ ከውጭ ያለው ብርሃን ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ቀለሙም ምን እንደ ሆነ አይደለም።

ደግነቱ፣ አንድ አምፑል ሲቃጠል መኪናይቱ ራሷ የምትናገርበት ምልክት አላት። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸር የሚባለው መሣሪያ ነው። በአሮጌዎቹ መኪኖች ይህ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሞቅና የሚለመጥ ቀጭን የብረት ልሳን ነው፤ ሲሞቅ ተለምጦ መሥመሩን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገጥማል፤ ቀጭታውም ከዚህ የሚመጣ ነው። አንድ አምፑል ሲጎድል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ ልሳኑ እንደ ወትሮው አይሞቅም፤ የቀረው አምፑል ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ ይበራል፣ ወይም አካሄዱ ይለወጣል። ከዚያ ወዲህ በመጡት ላይ ደግሞ መሣሪያው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየለካ፣ ከልኩ ሲያንስ ፍጥነቱን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ሲጠቁሙ በዝግታ፣ ወደ ግራ ሲጠቁሙ ግን በጥድፊያ የሚመታ ከሆነ፣ በግራ በኩል ካሉት አምፑሎች አንዱ ተቃጥሏል፣ ወይም ልኩ ያልሆነ ገብቶበታል ማለት ነው። ሁለቱም ጎን ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ ግን ምርመራው የሚጀመረው ከፊውዙና ከፍላሸሩ ነው።

ይህን ጥድፊያ ስንቱ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል! አንዳንዱማ «ፈጣን ሲሆን የበለጠ ይታያል» እስከ ማለት ይደርሳል።

አንድ የምናውቀው የቤተ ሰብ አባት ነበር። የግራ የኋላ ፍሬቻው ሲቃጠልበት ከመንገድ ዳር ሱቅ አምፑል ገዛ፤ አምፑሉም በስፍራው ልክ ገጠመ፤ ማታ ሲሞክሩትም ብልጭ ድርግም አለ። ቀጭታው ግን እንደ ተጣደፈ ቀረ፤ ሰውየውም ልብ አላለውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ከመኪናው ጀርባ ሳለች፣ ወደ ገዛ ግቢው ለመግባት ወደ ግራ ሲታጠፍ በዚያው በግራ ሊያልፈው የመጣ ሞተር ብስክሌት ከመኪናው ጎን ጋር ተላተመ። ሞተሩን ይነዳ የነበረው ወጣት በሕይወት ተረፈ፤ እግሩ ግን ተሰብሮ ብዙ ወራት አልጋ ላይ ዋለ። አባትየው «ፍሬቻ አሳይቻለሁ» ብሎ ማለ፤ ወጣቱም «ምንም አላየሁም» ብሎ ማለ። የትራፊክ ፖሊሱ ፍሬቻውን እንዲያበሩ አዝዞ ከመኪናው ኋላ ሄዶ በቆመ ጊዜ የሁለቱም መሐላ እውነት ሆኖ ተገኘ። መብራቱ ይሠራል፤ ነገር ግን በፀሐይ ፊት የሚታይ አልነበረም። አምፑሉ 21 ዋት ሊሆን ሲገባው 5 ዋት ነበር።

5 ዋት የሆነ አምፑል ለ21 ዋት በተሠራ ስፍራ እንዴት ሊገጥም ቻለ? ይህን ለመረዳት አምፑሉን በእጅ ይዞ መመልከት ያስፈልጋል። የተለመደው የፍሬቻ አምፑል የመስተዋቱ እንክብል ከጎን እስከ ጎን 25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የብረት መቀመጫው ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በመቀመጫው ግራና ቀኝ ሁለት ጉጦች፣ ከግርጌውም አንድ የመነካኪያ ነጥብ ይገኛሉ። በብረቱ ላይ በጥቃቅን ፊደል 12 ቮልት 21 ዋት የሚልና ፒ21ዳብልዩ የሚል የመለያ ስም ተቀርጾበታል። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ይህንኑ ባለ 15 ሚሊ ሜትር መቀመጫና እነዚህኑ ሁለት ጉጦች ይዘው የሚሠሩ ባለ 5 ዋትና ባለ 10 ዋት አምፑሎች አሉ። እነርሱ ለማቆሚያ መብራት፣ ለሰሌዳ ቁጥር መብራትና ይህን ለመሳሰለው አገልግሎት የተሠሩ ናቸው። እንክብላቸው አነስ ከማለቱ በቀር እጅ ልዩነታቸውን አያውቅም፤ ስፍራውም ሁሉንም እኩል ይቀበላል። ስለዚህ «ገጠመልኝ» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አለመሆኑን አጥብቀን እንናገራለን። በብረቱ ላይ ያለው ጽሕፈት በመነጽርም ቢሆን መነበብ አለበት።

ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ የሚሠራው ባለ 24 ቮልት አምፑልም በመልክና በመጠን ከባለ 12ቱ ጋር መንትያ ነው። ይህን በቤት መኪና ላይ ያስገባ ሰው የሚያገኘው ሊጠፋ የተቃረበ ፍም የመሰለ ቅላት ብቻ ነው፤ ባለ 12ቱን በከባድ መኪና ላይ ያስገባም ወዲያውኑ ያቃጥለዋል። አሮጌ ቮልስ ያላቸው ቤተ ሰቦች ደግሞ በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ መኪኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በ6 ቮልት ባትሪ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ 12 ያልተለወጡት እስከ ዛሬ የሚፈልጉት ባለ 6 ቮልት አምፑል ነው። ባለቤቱ የትኛው እንደ ሆነ ካላወቀ በባትሪው ላይ ያሉትን የውሃ መጨመሪያ ክዳኖች ይቍጠር፤ 3 ክዳን ያለው ባለ 6፣ 6 ክዳን ያለው ባለ 12 ቮልት ነው። ባለ 6ቱ አምፑል በ12 ቮልት ላይ ቢገባ አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ይሞታል።

ከኀይሉ ቀጥሎ የሚመጣው የቀለሙ ነገር ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ፣ ፍሬቻ የብርቱካን ቀለም ያለው ብርሃን እንዲሰጥና በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ እንዲርገበገብ ያዝዛል። ይህ ቀለም በሁለት መንገድ ይገኛል። የመብራቱ ክዳን ራሱ ብርቱካንማ የሆነ እንደ ሆነ ከውስጡ የሚገባው አምፑል መስተዋቱ ነጭ ነው፤ በአሮጌዎቹ ላዳዎችና ኮሮላዎች ላይ የምናየው ብርቱካንማ ክዳን ለዚህ ምሳሌ ነው። ክዳኑ እንደ ውሃ የጠራ የሆነ እንደ ሆነ ግን አምፑሉ ራሱ በብርቱካን ቀለም የተቀባ ሊሆን ይገባዋል፤ የመለያ ስሙም ፒዋይ21ዳብልዩ ይባላል። ሠሪዎቹ ሰው እንዳይሳሳት አስበው የባለ ቀለሙን ጉጦች በትክክል ፊት ለፊት እንዳይተያዩ፣ በ150 ዲግሪ ወደ አንድ ወገን ጠጋ እንዲሉ አድርገዋቸዋል። የነጩ ጉጦች ግን በ180 ዲግሪ ይተያያሉ። ስለዚህ አንዱ በሌላው ስፍራ ሊገባ አይችልም።

አይችልም ብለን ጻፍን እንጂ፣ የሰው እጅ የማይችለው ነገር ጥቂት ነው። ጉጡን በሞረድ ሞርዶ፣ ወይም በፒንሳ ጨፍልቆ ነጩን በባለ ቀለሙ ስፍራ ያስገባ ባለ ሙያ ነኝ ባይ አይተናል፤ ደንበኛውም «ጎበዝ ነው፤ አላስወጣኝም» ብሎ አመስግኖት ሄደ። እንዲህ የተደረገበት መኪና ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ብርሃን እያብለጨለጨ ይታጠፋል። ነጭ ብርሃን ከመኪና ኋላ ሲታይ ደግሞ በመንገድ ቋንቋ «ወደ ኋላ ልመለስ ነው» ማለት ስለ ሆነ፣ የሚያየው ሰው ሌላ ነገር ጠብቆ ሌላ ነገር ያገኘዋል። ከዚህም በላይ በግድ የገባ አምፑል ተጣሞ ስለሚቀመጥ ክሩ መሆን ከሚገባው ስፍራ ይወጣል፤ ከክዳኑ ጀርባ ያለው አንጸባራቂም ብርሃኑን ወደሚፈለገው አቅጣጫ አይልከውም።

ባለ ቀለሙን የሚገዙ ሰዎች ቀለሙ ምን ያህል የጠና መሆኑን ይመልከቱ። በርካሹ አምፑል ላይ ቀለሙ በሙቀት ብዛት እየተሰነጠቀና እየተላጠ ይሄዳል፤ በዓመቱ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ከተገጠመ በኋላ ማንም አውጥቶ የሚመለከተው ስለሌለ ይህ ጉዳት በዝምታ ይኖራል። መጠኑን ለማወቅ ለሚፈልጉም፣ በደንቡ መሠረት ነጩ አምፑል 460 ሉመን፣ ባለ ቀለሙ 280 ሉመን ብርሃን ይሰጣሉ።

ባለ ሁለት ክር የሚባለው አምፑል ከእነዚህ የተለየ ነው። በአንድ መስተዋት ውስጥ አንዱ 21 ዋት፣ ሁለተኛው 5 ዋት የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉበት፤ ከግርጌውም ሁለት የመነካኪያ ነጥቦች አሉት፤ ጉጦቹም ተገልብጦ እንዳይገባ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለኋላ መብራትና ለፍሬን መብራት በአንድነት ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያላቸው ግን ይህን አምፑል በፍሬቻም ስፍራ ሊያገኙት ይችላሉ። በዚያ አገር ሕግ የኋላ ፍሬቻ ቀይ ሊሆን ስለሚፈቀድ፣ የፍሬኑን መብራት የሚያበራው ክር ራሱ በሚታጠፉበት ጊዜ እየተርገበገበ የፍሬቻን ሥራ ደርቦ ይሠራል። የአሜሪካኖቹ አምፑሎች የሚጠሩትም በቍጥር ነው፤ ባለ አንድ ክሩ 1156፣ ባለ ሁለት ክሩ 1157 ይባላል። በባለ ሁለት ክር ስፍራ ባለ አንድ ክሩን በግድ የከተተ ሰው፣ አንዱ ሰፊ ነጥብ ሁለቱን መሥመሮች አንድ ላይ ስለሚያገናኛቸው ታላቅ መደናገር ይገጥመዋል፤ ፍሬን ሲረግጥ የማቆሚያ መብራቱ ይበራል፤ ፍሬቻ ሲያሳይ የሰሌዳው መብራት አብሮ ይርገበገባል። «መኪናዬን ጂኒ ገባባት» እየተባለ ከሚነገረው ውስጥ አንዳንዱ ይህ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተሠሩ መኪኖች ብዙዎቹ የብረት መቀመጫ የሌለው፣ የመስተዋቱ ግርጌ ራሱ ጠፍጥፎ የተሠራ አምፑል ይጠቀማሉ። ይህ አይዞርም፤ ቀጥ ተደርጎ ይሳባል፣ ቀጥ ተደርጎም ይገፋል። ትልቁ 21 ዋት ሲሆን ለፊትና ለኋላ ፍሬቻ ነው፤ ትንሹ 5 ዋት ሲሆን ከፊት ጎማው በላይ ወይም በጎን መስተዋቱ ላይ ላለችው ትንሽ ፍሬቻ ነው። በዚህች በትንሿ ላይ ከዚህ በፊት ከተናገርነው ጋር ተቃራኒ የሆነ ጥፋት ይፈጸማል። ከ5 ዋቱ ጋር አንድ ዐይነት ግርጌ ያለው ባለ 16 ዋት አምፑል ስላለ፣ «ደመቅ ይበልልኝ» የሚል ሰው ያንን ያስገባል። ለ5 ዋት ሙቀት የተሠራው የፕላስቲክ ማቀፊያ ግን ሦስት እጥፍ የሚበልጠውን ሙቀት መሸከም አይችልምና ይለሰልሳል፣ ይጠቍራል፣ በመጨረሻም ክዳኑን ይዞ ይቀልጣል። የሁለት አምፑል ዋጋ ያልነበረው ነገር የአንድ ሙሉ መብራት ዋጋ ያስወጣል።

እንግዲህ ትክክለኛው የትኛው እንደ ሆነ ከወዴት ይታወቃል? ብዙዎች የተቃጠለውን አምፑል በወረቀት ጠቅልለው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይወርዳሉ፤ በአዲስ አበባም መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብተው «የዚህን ዐይነት ስጠኝ» ይላሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ከእኛ አገር መኪኖች ብዙዎቹ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፉ የኖሩ ስለ ሆኑ፣ ዛሬ የተቃጠለው አምፑል ራሱ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው በስሕተት የከተተው ሊሆን ይችላል። ከላይ የጠቀስነው አባት መኪናውን ሸጦ ቢሆን ኖሮ፣ የገዛው ሰው ያንኑ 5 ዋት አምፑል ይዞ «የዚህን ዐይነት» እያለ በሄደ ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ከመኪናው ጋር የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል፤ ወደ መጨረሻው ገጽ ገደማ የአምፑሎች ሠንጠረዥ ይገኛል። መጽሐፉ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ በመብራቱ ቤት ጀርባ ወይም በማቀፊያው ላይ የአምፑሉ ዐይነት በፕላስቲኩ ውስጥ ተቀርጾ ይገኛል፤ አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ ማንበብ ነው። ይህም ከታጣ የቀኙንና የግራውን አውጥቶ ማስተያየት ይገባል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ሐሰተኛ ነውና፣ ሳይገዙ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው።

በሱቁ ውስጥ ደግሞ ዕቃውን ሳይመረምሩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። መስተዋቱ በብረቱ ላይ ቀጥ ብሎ የተጣበቀ፣ ከግርጌው ያለው የብየዳ ነጥብ ለስላሳና ክብ የሆነ፣ ክሩም ያልተንጋደደ መሆን አለበት። በብረቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ ኢ ፊደልና ከአጠገቡ ቍጥር ካለ፣ አምፑሉ በደንቡ መሠረት ተፈትኖ የጸደቀ መሆኑን ያሳያል፤ ቍጥሩም ማጽደቂያውን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣልያን፣ 4 ሆላንድ ነው። ይህን ምልክት አስመስሎ የሚቀርጽ እንዳለ አናጣውም፤ ነገር ግን ምልክቱ ጨርሶ የሌለበትን ከመግዛት ይሻላል። ሁለት መግዛትም ብልህነት ነው። ግራና ቀኙ አብረው ያረጁ ስለ ሆኑ አንዱ ሲሞት ሌላው ብዙ አይቈይም።

በዚህ ዘመን ወጣቶቻችን ክር የሌለውን፣ ኤል ኢ ዲ የሚባለውን አምፑል ይመርጣሉ። ዕድሜው ረጅም ነው፤ ኤሌክትሪክም ቈጣቢ ነው። ነገር ግን ይህ ቍጠባ ራሱ በፍሬቻ ላይ እንቅፋት ይሆናል። ፍላሸሩ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካ ነው ብለን ነበር፤ 21 ዋት ሲጠብቅ የ2 ወይም የ3 ዋት ሥራ ብቻ ሲያይ «አምፑሉ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርድና መጣደፍ ይጀምራል። ይህን ለማስተካከል ሻጮች ሬዚስተር የሚባል ትንሽ የብረት ሣጥን ከሽቦው ጋር ያገናኛሉ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 6 ኦም ሲሆን፣ በ12 ቮልት 24 ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ብቻ ለውጦ ያባክናል። የተባለው ቍጠባ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሣጥኑም ከፕላስቲክ ወይም ከሽቦ ጋር ተጠግቶ ከታሰረ እስኪያቀልጠው ድረስ ይግላል። ኤል ኢ ዲ የግድ ከሆነ፣ ፍላሸሩ ብቻውን ተነቃይ በሆነባቸው መኪኖች ላይ ለኤል ኢ ዲ የተሠራ ፍላሸር መተካት ከዚህ ይሻላል። እኛ ግን በግልጽ ስንናገር፣ አንጸባራቂውና ክዳኑ ለክር አምፑል ተሰልተው ለተሠሩ መብራቶች የክሩን አምፑል እንመርጣለን። ክሩ ብርሃኑን በዙሪያው ሁሉ ይበትናል፤ ብዙዎቹ ኤል ኢ ዲዎች ግን ወደ አንዳንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያበሩ፣ ከፊት ለፊት ሲያዩት ዐይን የሚወጋው መብራት ከጎን ለቆመው እግረኛ ደብዛዛ ሊሆንበት ይችላል።

መተካቱ ራሱ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። መኪናው ይጠፋ፤ ፍሬቻው ይዘጋ፤ አምፑሉ እስኪበርድ ጥቂት ይጠበቅ። ክዳኑ በብሎን የታሰረ ከሆነ በካቻቢቴ ይፈታል፤ አለዚያ ኮፈኑን ወይም የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍቶ ማቀፊያውን ከጀርባ ሩብ ዙር ወደ ግራ ማዞር ነው። ባለ ጉጡን አምፑል ገፋ፣ ከዚያም ወደ ግራ ዞር አድርጎ ማውጣት ነው፤ ሲያስገቡም ገፋና ወደ ቀኝ ዞር ነው። ሳይገፉ ማዞር ብዙ መስተዋት ሰብሯል። አሮጌው እንደ ወጣ ወዲያው አዲሱን ከመክተት ይልቅ የማቀፊያውን ውስጥ ይመልከቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለበት አምፑሉ ምንም ጥፋት ላይኖርበት ይችላልና፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማጽዳት ይገባል። መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት የመመለሻ መሥመር በዝገት ሲደክም፣ ትክክለኛው አምፑል እንኳ ደብዝዞ ይበራል። የክዳኑ ላስቲክም በስፍራው መመለስ አለበት፤ እርሱ ተረስቶ የክረምት ዝናብ የገባበት መብራት በቀጣዩ ዓመት ይኸውኑ ዝገት ያበቅላል።

ሥራው ሲያልቅ ልጆች የሚያግዙበት ፈተና አለ። አንዱ ልጅ ሰዓት ይዞ ከመኪናው ኋላ 20 እርምጃ ርቆ በቀን ብርሃን ይቁምና ፍሬቻው በ10 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደ በራ ይቍጠር። ከ10 እስከ 20 ከሆነ በደንቡ ውስጥ ነው። ከዚያም ቀለሙን ይናገር፤ የግራውና የቀኙ ድምቀት እኩል መሆኑንም ይመስክር። ቀጥሎ እናቱ ወይም አባቱ ፍሬኑን ረግጠው ፍሬቻውን ያብሩ፤ አንዱ ሲበራ ሌላው የሚደክም ወይም ያለ ተራው የሚርገበገብ ከሆነ፣ ስለ ማሳና ስለ ባለ ሁለት ክር አምፑል የተናገርነውን ያስታውሱ። ረዳት የሌለው ሰው መኪናውን ጀርባዋን ወደ ግቢው ግንብ አስጠግቶ በምሽት የሚያርፈውን ብርሃን በመስተዋት ማየት ይችላል፤ ነገር ግን በጨለማ ሁሉም ብርሃን የበረታ ስለሚመስል ይህ የቀኑን ፈተና አይተካም።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ለመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚህ የሚበዛው ምክር አይሠራም። የብዙዎቹ ፍሬቻ ከመብራቱ ቤት ጋር አንድ ሆኖ የታሸገ ስለ ሆነ፣ ሲበላሽ የሚለወጠው አምፑሉ ሳይሆን መብራቱ በሙሉ ነው፤ ዋጋውም ከአምፑል ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ለእነዚህ ባለቤቶች የምንነግራቸው መብራታቸውን ከግጭትና ውሃ ከመግባት እንዲጠብቁት ብቻ ነው። የቀሩት አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት በመንገዳችን ላይ ይኖራሉ። የእነርሱ ባለቤቶች ከተገዙት ሁለት አምፑሎች አንዱን በጥጥ ጠቅልለው፣ በላዩም የቮልቱን፣ የዋቱንና የመለያ ስሙን በእስክሪፕቶ ጽፈው ከወረቀቶቻቸው ጋር በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት።